የአቢጋይል ዳኒዌይ ታሪክ

በሬ ቀንበር ሲጫንበት ወዴት እንደሚሄድ አይጠየቅም። ገበሬው ወደ ወደደው ይነዳዋል፤ በሬውም ዝም ብሎ ይስባል። ሰው ግን በሬ አይደለም። ሸክሙን የሚሸከም ሰው ስለ ሸክሙም ስለ መንገዱም ሊጠየቅ ይገባዋል። ልጆች ሆይ፤ ይህን ነገር ለማስረዳት ዕድሜዋን ሙሉ የደከመች አንዲት ሴት በአሜሪካ አገር ነበረች፤ ስሟም አቢጋይል ስኮት ዳኒዌይ ይባላል። እነሆ፤ ታሪኳን እንነግራችኋለን። ዓመታቱን የምንቈጥረው በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አቢጋይል በ1834 ዓ. ም. ኢሊኖይ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ከገበሬ ቤት ተወለደች። አባቷ ጆን ተከር ስኮት፤ እናቷም አን ይባሉ ነበር። በቤቱ ልጆች ብዙዎች ነበሩ፤ ሥራውም ከልጆቹ ይበዛ ነበር። ላም ማለብ፤ ቅቤ መናጥ፤ እንጨት መልቀም፤ ልብስ ማጠብ ከማለዳ እስከ ማታ አያልቅም ነበር። ስለዚህ አቢጋይል በትምህርት ቤት የተቀመጠችው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ነገር ግን ማንበብ ትወድ ነበርና ጋዜጣ ወይም መጽሐፍ ባገኘች ጊዜ ሁሉ ታነብ ነበር።

በዚያ ዘመን ብዙ የአሜሪካ ሰዎች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሰደዱ ነበር። በምዕራብ ዳርቻ፤ በታላቁ የፓሲፊክ ውቅያኖስ አጠገብ፤ ኦሪገን የሚባል ለም አገር አለ። በ1850 ዓ. ም. የአሜሪካ መንግሥት በዚያ ለሚሰፍር ሰው መሬት በነጻ እንዲሰጥ ሕግ አወጣ። ከሕጉ በኋላ ለደረሱ ባልና ሚስት 320 ኤከር፤ ይኸውም 3 ጋሻ ያህል መሬት ይሰጥ ነበር፤ እኩሌታውም በሚስቲቱ ስም ይጻፍ ነበር። ይህንን የሰማ ሁሉ ቤቱን እየሸጠ፤ ሠረገላውን እየጫነ ተነሣ።

ዳሩ ግን ያ አገር ባዶ አልነበረም። ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩበት የአገሩ ተወላጆች ነበሩ። ዊላሜት በሚባለው ሸለቆ ካላፑያ የሚባሉ ሕዝቦች ይኖሩ ነበር። ከውጭ የመጣ በሽታ አስቀድሞ ብዙዎቹን ጨርሶአቸው ነበር፤ የተረፉትንም በ1856 ዓ. ም. ግራንድ ሮንድ ወደሚባል ጠባብ ስፍራ ወሰዱአቸው። መሬቱ በነጻ ተሰጠ ስንል፤ ለአንዱ በነጻ የተሰጠው ከሌላው የተወሰደ መሆኑን መርሳት አይገባንም።

በ1852 ዓ. ም. የአቢጋይል አባት ወደ ኦሪገን ለመሄድ ቈረጠ። እናቷ ብዙ ልጆች ወልዳ ሰውነቷ የደከመ ነበርና መንገዱን ፈራች። ነገር ግን የቤቱ ጌታ ከቈረጠ በኋላ የሚስት ቃል የሚሰማበት ዘመን አልነበረም። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ሁሉ በሚያዝያ ወር በሬዎች በሚስቡአቸው፤ ሸራ በለበሱ ሠረገላዎች ጕዞ ጀመሩ። መንገዱም ከ2,000 ማይል በላይ ነበር። አባትየው ለልጆቹ ሁሉ ሥራ አከፋፈላቸው፤ ለ17 ዓመቷ ለአቢጋይልም የየዕለቱን ጕዞ በመዝገብ የመጻፍ ሥራ ደረሳት። እርሷም ማታ ማታ፤ ሌሎቹ ደክሟቸው ሲያርፉ፤ በዕለቱ የሄዱበትን መንገድ፤ ያዩትን ወንዝና ተራራ፤ በመንገድ ዳር ያለፉትንም መቃብር ትጽፍ ነበር።

መቃብሩም ብዙ ነበር። በዚያ ዓመት ኮሌራ የሚባለው ክፉ በሽታ በመንገደኞች ላይ ወድቆ ነበርና፤ ጧት ደኅና የነበረ ሰው ማታ ይቀበር ነበር። በሰኔ ወር፤ ላራሚ ከሚባለው ምሽግ ብዙ ሳይርቁ፤ የአቢጋይል እናት በዚህ በሽታ ያዛትና ሞተች። ልጆቿም በመንገድ ዳር ቀብረዋት ጕዞአቸውን ቀጠሉ፤ ክረምትና በረዶ ሳይደርስባቸው ተራራውን ማለፍ ይገባቸው ነበርና ብዙ ለማልቀስ እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም። በነሐሴም ወር ትንሹ ወንድማቸው ዊሊ ሞተ። ስድስት ወር ያህል ከተጓዙ በኋላ የቀሩት ኦሪገን ደረሱ። አቢጋይል ያን መዝገብ እስከ መጨረሻው ጻፈችው፤ እናቷ ሳትወድ የሄደችበትን መንገድም እስከ ሞቷ ድረስ አልረሳችውም።

በኦሪገን አቢጋይል በአንዲት መንደር ልጆችን ማስተማር ጀመረች። በ1853 ዓ. ም. ቤንጃሚን ዳኒዌይ የሚባል ደግ ገበሬ አገባች፤ ከእርሱም አንዲት ሴትና አምስት ወንዶች ልጆች ወለደች። የገበሬ ሚስት ኑሮ እጅግ ከባድ ነበር። ልጅ አዝላ ውሃ ትቀዳለች፤ ቅቤ ትንጣለች፤ ለባሏ ሠራተኞች ሁሉ ምግብ ታበስላለች። አቢጋይል ግን በዚህ ሁሉ ድካም መካከል መጻፍን አልተወችም። በ1859 ዓ. ም. ስለዚያ ስለ ረጅሙ ጕዞ የሚናገር አንድ የልብ ወለድ መጽሐፍ አሳተመች።

ከዚህ በኋላ ያልታሰበ መከራ መጣ። አንድ ወዳጁ ገንዘብ ሲበደር ቤንጃሚን ዋስ ሆነለት። አቢጋይል ይህን በሰማች ጊዜ ፈራች፤ ነገር ግን ፈቃዷን የጠየቃት አልነበረም፤ በሕግ ዘንድ ያገባች ሴት ቃል እንደ ኢምንት ነበርና። ወዳጁ ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ ዕዳውም በዋሱ ላይ ዞረ። አንድ ቀን ቤንጃሚን ከቤት በሌለበት የዳኛ መልእክተኛ መጥቶ የክሱን ወረቀት ለአቢጋይል ሰጣት። ልጆች ሆይ፤ ይህን አስተውሉ። ዋስትናው ሲፈረም ሴቲቱ እንደሌለች ተቈጠረች፤ ዕዳው ሲጠየቅ ግን ተገኘች። እርሻቸውም ተሸጠ።

ይህም ሳይበቃ በ1862 ዓ. ም. ሠረገላ የሚስቡ ፈረሶች ደንብረው ቤንጃሚንን ጣሉት፤ ወገቡም ተጐድቶ ከባድ ሥራ መሥራት የማይችል ሆነ። ከዚያ በኋላ የቤቱ ሸክም በአቢጋይል ጫንቃ ላይ ወደቀ። እርሷም ተቀምጣ ዕድሏን አልረገመችም። አስቀድሞ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ተማሪዎችንም በቤቷ እያሳደረች አስተማረች። በኋላም ኦልባኒ ወደምትባል ከተማ ሄዳ የሴቶች ባርኔጣ የሚሠራበትና የሚሸጥበት ሱቅ አቆመች። በዚህም ሥራ ባሏንና ስድስት ልጆቿን መገበች።

ወደዚያ ሱቅ ብዙ ሴቶች ይመጡ ነበር። ባርኔጣ ሊገዙ ይገባሉ፤ ተቀምጠውም የልባቸውን ኀዘን ያወራሉ። አቢጋይል በእርጅናዋ በጻፈችው መጽሐፍ ከእነዚህ የአንዲቱን ነገር ተርካለች። ይህች የገበሬ ሚስት ለሴቶች ልጆቿ የዝናብ ልብስ ለመግዛት አስባ ከቅቤ ሽያጭ ያገኘችውን ገንዘብ ጥቂት በጥቂት አጠራቀመች። ነገር ግን ባሏ ያንን የቅቤ ገንዘብ ወስዶ የእሽቅድምድም ፈረስ ገዛበት። ሴቲቱም ወደ ዳኛ መሄድ አልቻለችም፤ በዚያ ዘመን ሕግ ሚስት የሠራችው ሁሉ የባሏ ነበርና።

አቢጋይል እንዲህ ያለውን ነገር በየቀኑ እየሰማች ልቧ ተቃጠለ። አንድ ማታም ለባሏ አጫወተችው። ቤንጃሚን በራሱ ስሕተት የተማረ ቅን ሰው ነበርና፤ ሴቶች ሕግ የሚያወጡትን ሰዎች ለመምረጥ ድምፅ እስካልሰጡ ድረስ ይህ ግፍ እንደማይቀር መለሰላት። ይህ የባሏ ቃል በልቧ እንደ ዘር ወደቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዋ ምን እንደ ሆነ ዐወቀች።

በ1871 ዓ. ም. ቤተ ሰቡ ወደ ፖርትላንድ ከተማ ሄደ፤ አቢጋይልም አዲሱ ሰሜን ምዕራብ የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ ማሳተም ጀመረች። የኅትመት ሥራን አስቀድማ አልተማረችም ነበር። ነገር ግን ወንዶች ልጆቿ የእርሳሱን ፊደል እየለቀሙ ይረዱአት ነበር፤ እርሷም ትጽፋለች፤ ታርማለች፤ በየከተማውም እየዞረች አንባቢ ትፈልጋለች። ይህን ጋዜጣ እስከ 1887 ዓ. ም. ድረስ፤ 16 ዓመት ሙሉ፤ ሳታቋርጥ አወጣችው።

በዚያው በ1871 ዓ. ም. ስለ ሴቶች መብት የምትከራከረው ስመ ጥሩዋ ሱዛን አንተኒ ከምሥራቅ መጣች። ሁለቱም በመንገደኞች ሠረገላና በእንፋሎት መርከብ ተሳፍረው በኦሪገንና በዋሽንግተን አገር እየዞሩ ለሕዝብ ተናገሩ። ሱዛን ወደ አገሯ ተመለሰች፤ አቢጋይል ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዝናብና በጭቃ ብቻዋን እየዞረች መናገሯን ቀጠለች። በ1879 ዓ. ም. ጃክሰንቪል በምትባል ከተማ ሰዎች እንቍላል ወረወሩባት፤ ምስሏንም ሠርተው አቃጠሉት። እርሷ ግን ንግግሯን አልተወችም።

ድካሟም ጥቂት በጥቂት ፍሬ አፈራ። በ1872 ዓ. ም. በኦሪገን አንድ ሕግ ወጣ። በዚህም ሕግ ነጋዴ የሆነች ባለ ትዳር ሴት ስሟን በመዝገብ ካስጻፈች የባሏ አበዳሪዎች ንብረቷን ሊወስዱባት አይችሉም። በባሏ ዋስትና እርሻዋን ያጣችው አቢጋይል ይህን ባየች ጊዜ ምን ያህል እንደ ተደሰተች ማሰብ አያስቸግርም። በ1883 ዓ. ም. ደግሞ በጎረቤቱ በዋሽንግተን አገር ሴቶች ድምፅ እንዲሰጡ ተፈቀደ። ነገር ግን በ1887 ዓ. ም. ዳኞች ይህን ሕግ ሻሩት። የተገኘው ነገር ተመልሶ ሊጠፋ እንደሚችል አቢጋይል በዚህ ተማረች። በ1896 ዓ. ም. ግን በአይዳሆ ግዛት ሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት አገኙ፤ አቢጋይልም ስለዚህ ብዙ ደክማ ነበር።

በራሷ አገር በኦሪገን ግን ነገሩ እጅግ ከባድ ሆነ። የኦሪገን ሴቶች ድምፅ እንዲሰጡ ሕጉን የሚለውጡት ወንዶቹ በድምፃቸው ነበሩ። በ1884 ዓ. ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠየቁ፤ 11,223 ወንዶች ይሁን አሉ፤ 28,176ቱ ግን አይሁን አሉ። በ1900 ዓ. ም. ሁለተኛ ጊዜ ተጠየቁ፤ 26,265ቱ ይሁን ሲሉ 28,402ቱ አይሁን አሉ። ጥቂት ቀርቶአት ተሸነፈች።

በዚህ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘናት የወንድሟ ነገር ነበር። ሃርቪ ስኮት ከእርሷ ጋር በዚያ በረጅሙ መንገድ የሄደ፤ የእናታቸውንም መቃብር አብሮ ያየ ታናሽ ወንድሟ ነው። እርሱ አድጎ በፖርትላንድ ኦሪጎኒያን የሚባለው ትልቅ ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ። ጋዜጣውም የሴቶችን ድምፅ መስጠት ይቃወም ነበር። ስለዚህ በአንድ ከተማ እኅት በጋዜጣዋ የምትሠራውን ወንድም በጋዜጣው ያፈርሰው ነበር። ሁለቱም ጽኑ ልብ ያላቸው ሰዎች ነበሩና አንዱ ለሌላው አልተበገረም።

በ1906፤ በ1908ና በ1910 ዓ. ም. ወንዶቹ እንደ ገና ተጠየቁ፤ ሦስቱንም ጊዜ አይሁን አሉ። እነሆ፤ አምስት ጊዜ ተሸነፈች። ልጆች ሆይ፤ ከእናንተ አንዱ አምስት ጊዜ ቢወድቅ ስድስተኛ ይነሣ ይሆን?

የአቢጋይልን ጕድለት ደግሞ መደበቅ አይገባም። አንደበቷ ስለታም ነበር፤ ከሥራ ጓደኞቿም ጋር ብዙ ጊዜ ተጣላች። በዚያ ዘመን አስካሪ መጠጥ በሕግ ይከልከል የሚሉ ብዙ ሴቶች ነበሩ። አቢጋይል ግን ሰው ራሱን መግዛት መማር አለበት እንጂ በሕግ መከልከል አይጠቅምም ትል ነበር፤ ደግሞም ሁለቱ ነገሮች ከተያያዙ የመጠጥ ነጋዴዎች ሁሉ የሴቶችን መብት እንደሚቃወሙ ታስብ ነበር። ስለዚህ ከእነዚያ ሴቶች ጋር ተለያየች። አንድ ነገር የሚፈልጉ ሰዎች በመንገዱ ሲጣሉ ጊዜውም ጕልበቱም በከንቱ ያልቃል። ስለዚህም ከመሸነፏ አንዳንዱ የገዛ አንደበቷ ፍሬ ነው የሚሉ ነበሩ።

በ1912 ዓ. ም. ስድስተኛው ጥያቄ ደረሰ። አቢጋይል 78 ዓመት ሊሆናት ቀርቦ ነበር፤ በሽታም ይዟት እንደ ቀድሞው መዞር አልቻለችም። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ሥራው በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ብቻ አልነበረም። ወጣቶች ሴቶች፤ ሐኪሞች፤ መምህራን፤ ሠራተኞች በየማኅበራቸው ተነሡ። ጥቁሮች ሴቶች በሐቲ ሬድሞንድ መሪነት ማኅበር አቁመው ሠሩ፤ በፖርትላንድ የሚኖሩ የቻይና ተወላጆች ሴቶችም ማኅበር አቆሙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ሆነ። በኅዳር ወር ድምፁ በተቈጠረ ጊዜ 61,265 ሰዎች ይሁን አሉ፤ 57,104 ሰዎችም አይሁን አሉ። ስለዚህ የኦሪገን ሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት አገኙ።

የግዛቱ ገዢ ኦስዋልድ ዌስት ይህን መብት ለሕዝብ የሚያስታውቀውን ዐዋጅ አቢጋይል ራሷ በእጇ እንድትጽፈው ጠየቃት። እርሷም ጻፈችው፤ ከገዢውም ጋር ስሟን ፈረመችበት። በወጣትነቷ ባሏ ዋስ ሲሆን ማንም ያልጠየቃት ሴት፤ በእርጅናዋ የመንግሥት ዐዋጅ ጻፊ ተብላ ተለመነች። ከዚያም በኋላ በፖርትላንድ ከተማ ባለችበት አውራጃ ድምፅ ለመስጠት በመዝገብ የተጻፈች የመጀመሪያዪቱ ሴት እርሷ ሆነች።

ሆኖም በዚያን ቀን ሁሉ አልተጠየቀም። ከቻይና ለመጡ ሰዎች ዜግነት የተከለከለ ስለ ነበረ ድምፅ መስጠት አልቻሉም፤ ይህም ክልከላ እስከ 1943 ዓ. ም. ቈየ። መሬታቸው የተወሰደባቸው የአገሩ ተወላጆችም ሁሉ ዜጎች ናቸው የሚል ሕግ የወጣው በ1924 ዓ. ም. ነው። የአሜሪካ ሴቶች ሁሉ ሴት በመሆናቸው ብቻ ድምፅ እንዳይከለከሉ የሚያዘው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የጸደቀው ደግሞ በ1920 ዓ. ም. ነበር። አቢጋይል ግን ይህን አላየችም፤ በ1915 ዓ. ም. በጥቅምት ወር በፖርትላንድ ሞታ ነበርና። 81 ዓመት ሊሞላት የቀሩት ጥቂት ቀኖች ነበሩ።

እንግዲህ ከዚህች ሴት ታሪክ ሁለት ነገር እንማር። አንደኛው ትዕግሥት ነው። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ አቢጋይል ግን የእንቍላሉን መሄድ ለማየት ከ40 ዓመት በላይ ጠበቀች፤ ስትጠብቅም ተቀምጣ አልነበረም። ሁለተኛውም ሸክም ስለሚሸከም ሰው ነው። በቤታችሁ ውሃ የምትቀዳ እኅት፤ እንጨት የሚሸከም ወንድም፤ ቅቤ ናጣ የምትሸጥ እናት ቢኖሩ፤ ስለ ድካማቸው ዋጋ ስትማከሩ ዘወር በሉ አትበሉአቸው። አስቀድማችሁ እነርሱን ጠይቁ።